የላጲሶ ግራ እግር

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኮብልስቶኑን ይዘህ ወረድ ስትል በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ አለ። እዛ ጋራዥ ውስጥ ላጲሶ የሚባል መካኒክ ይሠራል፤ ግራ እግሩ ከቀኝ እግሩ የበለጠ ዝና ያለው። ቀኙን ሚስቱ ትወቀው እንጂ ማንም አያውቀውም። ግራውን ግን ከመገናኛ ጎሮ የሚጭን የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

እንዴት መሰለህ። መኪና ማርሽ አልገባ ሲለው፣ "ክርርርር" ብሎ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ሌላ መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ያፈጣል። ላጲሶ ኮፈን ጋ አይደርስም። መጀመሪያ እጁን የኋላ ኪሱ ላይ ሦስቴ ይጠርጋል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። "በስሙ" ይላል፤ ጴንጤ ነው፣ ሳይጸልይ የሰው መኪና አይነካም። ከዛ ሾፌሩ ወንበር ላይ ይወጣና የግራ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲ ውስጥ ባለ አውራ ጣቱ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ጫን ያደርገዋል። አይኑን ይጨፍናል። ሾፌሩ ውጪ ቆሞ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ይጠብቃል። "አየር ገብቶበታል" ይላል ላጲሶ። ወይም "የታችኛው ፓምፕ ዘይት ያለቅሳል" ይላል። ወይም ደግሞ "አንተ ነህ የገደልከው፤ እግርህን ፔዳል ላይ አሳርፈህ ነው የምትነዳው" ብሎ ሾፌሩን ያሳፍረዋል። ስቶ አያውቅም። ማለቴ፣ እስከዛች ማክሰኞ ድረስ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፔዳሉ አንዲት ቀጭን ዘንግ ይገፋል። ዘንጓ የላይኛውን ፓምፕ ትገፋለች፣ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፣ እሱ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሸራ ከሞተሩ ያላቅቀዋል። ያኔ ማርሽ ይገባል። ዘንጓ ፓምፑን ከመንካቷ በፊት ግን ፔዳሉ ትንሽ ባዶውን መሄድ አለበት፤ አንድ ጣት የማይሞላ። ይቺን ባዶ መንገድ ላጲሶ "ትንፋሽ" ይላታል። ትንፋሽ ከበዛ ማርሽ እምቢ ይላል። ትንፋሽ ከጠፋ ይብሳል፤ ዘይቱ ሲሞቅ መመለሻ ያጣል፣ ፔዳሉ ማንም ሳይነካው እንደተረገጠ ይቀራል፣ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። "ትንፋሽ የሌለው ፔዳል ሰው ያንቃል" ይል ነበር ላጲሶ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የጠቀሰ ይመስል።

ትንፋሹን የምታስተካክለው ዘንጓን በማዞር ነው። ካዞርክ በኋላ የምታስራት አንዲት ዳዶ አለች። እሷን ስታጠብቅ ታዲያ ዘንጓን በፒንሳ ጥርቅም አድርገህ መያዝ አለብህ፤ ካልያዝክ ከዳዶዋ ጋር አብራ ትዞርና የለካኸው ሁሉ ገደል ይገባል። ይሄን ላጲሶ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲሰብክ ኖሯል። ፒንሳ ሳይዝ ዳዶ ያጠበቀ መካኒክ ካየ ቀኑን ሙሉ መቀለጃ ያደርገው ነበር።

መቀለጃ ማድረግ ደግሞ ይችልበታል። ሆሳዕና ሰባተኛ ክፍል እያለ የርዕሰ መምህሩን ሳል ሰልፍ ላይ አስመስሎ ወላጅ አምጣ ተባለ። ወላጅ አላመጣም፤ እሱም አልተመለሰም። አዲስ አበባ አጎቱ ጋ መጣ፣ ዓመታት ቆይቶ ጋራዥ ገባ፣ አፉም አብሮት ገባ። ሾፌር ደውሎ "መኪናዬ ድምፅ አወጣች" ሲለው ላጲሶ በስልክ "ግርርር-ጠቅ ነው? ወይስ ግርርር-ሲሲሲ?" እያለ ያስመርጠዋል። ሰውም አይቀረው። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ኃይለኪሮስ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነፅራቸውን ሲፈልጉ፣ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ሲያገላብጥ፣ ባለ ቪ ኤይቷ እመቤት ግቢው ውስጥ ያለውን ዘይት በታኮ ጫማ ስትሻገር፣ ሁሉንም ያመጣቸዋል። ምሳ ሰዓት ሽሮ ቤት ሲገባ ሰው ወንበር ይለቅለታል።

አብዲሳ ደግሞ አለ። ከዘይቱ ውስጥ አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ላይ ተቀምጦ ይረግጣል፣ አንዱ ስር ተኝቶ የማስወጫዋን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ላይ አብዲሳ፣ ታች ላጲሶ። ድሮ "ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ" ይባባሉ ነበር፤ በኋላ አፋቸው ሰለቸ። ላጲሶ በቁልፉ ሻንሲውን አንዴ ኳ ሲያደርግ አብዲሳ ይረግጣል፤ ሁለቴ ኳ ኳ ሲያደርግ ይለቃል። መሀሉ ላይ አብዲሳ ስለ ሚስቱ ዘመዶች ያወራል፣ ላጲሶ ከስር ሆዱን ይዞ ይስቃል። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

እንግዲህ እዚህ ቤት ላይ ነው አዶኒያስ የመጣው።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ፣ ከቴክኒክና ሙያ ሌቨል ፎር ይዞ የወጣ፣ ቱታው የተተኮሰ። የተተኮሰ ቱታ አይቶ የሚያውቅ ሰው በዛ ግቢ አልነበረም። ጋሽ ኃይለኪሮስ ለሦስት ወር ሙከራ ያዙት። የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም እየዞረ ጨበጠና ላጲሶ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሽ ላጲሶ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ" አለው።

ላጲሶ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ቆመ።

እሱንስ ይርሳው። ልጁ ከቦርሳው ሽጉጥ የመሰለች የእጅ ፓምፕ ያወጣ ቀን ነው ነገር የመጣው። ጫፏን ከታች ማስወጫው ላይ ሰክቶ ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጋት አየሩን ራሷ ስባ ታወጣዋለች። የሚረግጥ ሰው አያስፈልግም። አብዲሳ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ አዶኒያስ በትህትና እረፍ አለው። አብዲሳ አላረፈም። መኪናው ስር አብሮ ገብቶ ፓምፗን እንደ ሕፃን ልጅ ሲያይ ዋለ። ማታ ታክሲ ተራ ድረስ ከላጲሶ ጋር ሲሄድ የሚያወራው ስለ ሚስቱ ዘመዶች መሆኑ ቀረ፤ ስለ ፓምፗ ሆነ።

ከዛ በኋላ ላጲሶን ያልበላው ነገር የለም። አዶኒያስ ለደንበኛ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ያስረዳል፤ ደንበኛው ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ላጲሶ ለአስራ አንድ ዓመት የነገራቸውን ማንም ኪሱ ከትቶት አያውቅም። አዶኒያስ ሲጨርስ መሪውንና ፔዳሉን በጨርቅ ይወለውላል። ላጲሶ ይሄን "ሙሽራ ማስዋብ" አለው፤ ግን በማግስቱ ማንም ሳያየው እሱም አንድ መሪ ወለወለ።

ሽሮ ቤት ግን በቀሉን ተወጣ። አንገቱን ቀጥ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ አየር ላይ በጣቱ እየሣለ፣ ትንፋሽን በእንግሊዝኛ እየጠራ፣ "አክቹዋሊ ችግሩ ሲምፕል ነው፤ ቤሲካሊ ፍሪ ፕሌዩ ስታንዳርዱን አልጠበቀም" ሲል ሰው ወጡን ትን እያለው ሳቀ። ከሳቁት ሁሉ ግን የባሰበት ራሱ አዶኒያስ ነበር። እንባው እየፈሰሰ "በእናትዎ ጋሽ ላጲሶ፣ ይድገሙት" አለው። ላጲሶ አልደገመውም። ሰው ሲሰድቡት እንዴት ይስቃል?

ቤቱም ጎሮ ድረስ ይዞት ሄደ። ራት ላይ አዶኒያስ፣ ተኝተው አዶኒያስ። ሚስቱ ገንዘቤ አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ልጅ ነው እንዴ ያገባኸው? ስሙን ከእኔ ስም አብልጠህ ነው የምትጠራው" አለችው።

እሺ፣ ማክሰኞዋ ደረሰች።

ካሊድ ይባላል፤ የዶልፊን ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ የላጲሶ የጥንት ደንበኛ። ሌላ ጋራዥ ደጅ መኪናውን አቁሞ አያውቅም። ጠዋት ፔዳሉ ወለሉ ድረስ እየወደቀበት፣ ማርሽ በግድ እየወጋ ገባ። ላጲሶ የዛን ሰዓት አንድ ፒካፕ ስር ነበር፤ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርዶ ደረቱ ላይ አስተኝቶ። "ትንሽ ጠብቀኝ" አለው ከስር። ካሊድ አንድ ሰዓት ጠበቀ። ተሳፋሪ እየለቀመ መዋል ያለበት ሰው ነው፤ ጋሽ ኃይለኪሮስ አዝነው አዶኒያስ ይየው አሉ። ካሊድ አንዴ ወደ ፒካፑ ስር፣ አንዴ ወደ አዶኒያስ አየና እሺ አለ።

ላጲሶ ከተኛበት ሁሉንም በእግር አየው። የአዶኒያስ ነጭ ስኒከር ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ። የካሊድ ሰንደል ጫማ ተከተለው። የአብዲሳ ቦት ጫማ ደግሞ ከሁለቱ ጎን አልጠፋም። የታችኛው ፓምፕ የውስጥ ጎማው ተበልቶ ነበር፤ አዶኒያስ ቀየረው። ጥቁር ዘይቱን አፍስሶ አዲስ ሞላ። አየሩን አወጣ፣ ዘንጓን በማስመሪያ እየለካ አስተካከለ። ከዛ አብዲሳ ወጥቶ ረገጠውና፣ በሰላም አገር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

"ላጲ፣ ና እስቲ ንካው። ቁርጥ ያንተን ነው የሚመስለው።"

ላጲሶ እጄ ቆሽሿል አለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ለምሳ ወጣ። ካሊድ ሰግዶ፣ በልቶ ሊመለስ ሄደ። ላጲሶ እጄን ታጥቤ እደርሳለሁ አላቸው። ታጠበም። ከዛ ባዶው ግቢ መሀል ቆሞ ሚኒባሱን አየው። ልየው ብቻ አለ። ይሄ "ልየው ብቻ" የሚባል ነገር ስንቱን ቤት አፍርሷል።

እጁን የኋላ ኪሱ ላይ ጠረገ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። "በስሙ" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አውራ ጣቱን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፣ አይኑን ጨፈነ።

ልክ ነበር።

ትንሽ ላላ ቢል፣ ትንሽ ጠበቅ ቢል፣ ላጲሶ እየሳቀ ወርዶ ሽሮውን ይበላ ነበር። ግን ልክ ነበር። ትንፋሿ ያለችው እሱ ሁልጊዜ የሚተዋት ቦታ ላይ ነበር። እሱ ስንት ሸራ አቃጥሎ፣ ስንት ስድብ ጠጥቶ ያገኛትን ቦታ፣ ይሄ ልጅ በማስመሪያ አገኛት። ጫማውን እንኳን አላወለቀም።

ከዛ ሐሳብ መጣለት። ዘንጓን ግማሽ ዙር ባዞራት ፔዳሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይይዛል። ካሊድ አይመቸውም። ነገ ተመልሶ ይመጣና "ላጲ፣ አንተው እየው" ይላል። ላጲሶ ጫማውን ያወልቃል፣ ሁለት ደቂቃ፣ አለቀ። አብዲሳም ያያል። ማንም አይጎዳም፤ ግማሽ ዙር ትንፋሽ አይጨርስም፣ ይሄን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከፔዳሉ ስር አጎንብሶ በአስራ ሁለት ቁልፍ ዳዶዋን አላላ። ዘንጓን ግማሽ ዙር አዞረ። በቃ። ዳዶዋን መልሶ ሊያጠብቅ ሲል የግቢው በር ሲጥጥ አለ፤ ጋሽ ኃይለኪሮስ በስልክ እያወሩ ገቡ። ፒንሳው ወንበሩ ላይ ነበር፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። አልዘረጋም። ዳዶዋን ባለ በሌለ ጉልበቱ ጠምዝዞ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በወዲያኛው በር ወረደ። መልሶ በጣቱ አልሞከራትም።

ሽሮ ቤት ሲደርስ እስቲ አዶኒያስን አምጣልን አሉት። ራሴን አሞኛል አለ። ካሊድ መጥቶ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጦ፣ "ጠንከር ብሏል፣ አሪፍ ነው" ብሎ ለአዶኒያስ አውራ ጣቱን አሳይቶት ወጣ። ላጲሶ ይሄንንም አየ፤ ቀናም። ራሱ ባጠበቀው ፔዳል ሌላ ሰው ሲመሰገን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጋሽ ኃይለኪሮስ ስልክ ጮኸ። ካሊድ ገርጂ ዳገቱ መሀል፣ ከነተሳፋሪው ቆሟል። መኪናው መጀመሪያ ደህና ነበር። መጨናነቁ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ከዛ ሽታ መጣ፣ ከዛ ጭስ። ተሳፋሪው በመስኮት ሳይቀር ወረደ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ስትወርድ "ገዳይ" አለችው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በገመድ ተጎትቶ ጋራዡ ሲገባ ካሊድ ሰላም እንኳን አላለም።

ጋሽ ኃይለኪሮስ ፔዳሉን በእጃቸው ጫን አደረጉት። ባዶውን የሚሄድ ነገር የለም፤ ገና ከመነካቱ ይይዛል።

"ትንፋሹ የታለ?" አሉ።

አዶኒያስ ለክቼ ነው የተውኩት አለ። አብዲሳም ገባበት፤ እኔ ራሴ ረግጬዋለሁ፣ ነበረው አለ። ጋሽ ኃይለኪሮስ ለአብዲሳ ጓደኛህ ስለሆነ ነው አሉት። ከዛ ለልጁ፣ የሰው ሕይወት በማስመሪያ አይለካም፣ የሙከራ ጊዜህ እዚህ ላይ አብቅቷል፣ ነገ ዕቃህን ሰብስብ አሉት። አዶኒያስ አልተከራከረም። ፊቱ ብቻ እንደ ቱታው ሰማያዊ ሆነ። "እሺ ጋሼ" አለ፤ ማስመሪያዋን ከኪሱ አውጥቶ አያት፣ መልሶ ከተታት።

ላጲሶ እዛው ነበር። ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር ይላል በልቡ፣ ግማሽ ዙር እንዴት ሸራ ያቃጥላል? ከዛ ፒንሳውን አስታወሰ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ያለው ፒንሳ። ዘንጓ ከዳዶዋ ጋር አብራ ዞራለች። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት። ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን አንድ ሳምንት ያስቅበት ነበር።

ታክሲ ተራ ድረስ ከአብዲሳ ጋር ሄዱ። መለያያቸው ጋ አብዲሳ ቆመ።

"ላጲ፣ ዛሬ ለምን አላስመሰልክም?"

"ምኑን?"

"ልጁ ሲባረር፣ ጋሼ ሲቆጡ፣ ካሊድ ተጎትቶ ሲገባ። ይሄን ሁሉ አይተህ አፍህን ዘግተህ የዋልክበትን ቀን አላውቅም።" መንገዱን ተሻገረ።

ማታ ገንዘቤም ጠየቀችው። ዛሬ ስሙን ሳትጠራ በላህ፣ ተጣላችሁ ወይስ ታረቃችሁ አለችው። ላጲሶ ደክሞኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሻይ መጣ። ሁሉም ከመኪና በወጡ አሮጌ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ካሊድ መኪናው ምን እንደሚሆን ሊሰማ መጥቷል፤ ሻዩን አልነካም። አዶኒያስ ጥግ ላይ ቁልፎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥኑ ውስጥ ይደረድራል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። እየተባረረ እንኳን ይደረድራል። ላጲሶን ይሄም አበሸቀው። ቢሰድብ ምን ነበር? አንዱን ቁልፍ ቢወረውር?

ከሻይ ጠጪዎቹ አንዱ "ላጲ፣ እስቲ አንድ ነገር አምጣ" አለ።

ላጲሶ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና ተነሣ።

መሀል ላይ ወጥቶ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ። ከዛ በእግሩ ጣቶች፣ ወጥ ልትሰርቅ እንደገባች ድመት፣ ወደ ሚኒባሱ መራመድ ጀመረ። ሳቁ። ማን ነው፣ ማን ነው ተባባሉ። አንዱ ትራፊኩ ነው አለ፣ አንዱ ሌባ ነው አለ። ሰውዬው ግን ትከሻው ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ አንገቱን ወደፊት ሰገግ ያደርጋል፤ የሚያውቁት አካሄድ ነው፣ ግን ማንም አስመስሎት ስለማያውቅ ስሙ አልመጣላቸውም። ሚኒባሱ ጋ ሲደርስ እጁን የኋላ ኪሱ ላይ ጠረገ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ሊወጣ ነበር፤ ዋጠው።

አብዲሳ መጀመሪያ ሳቀ፤ መጀመሪያም ያቆመው እሱ ነው።

ላጲሶ ቀጠለ። ወጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አውራ ጣቱን ዘረጋ፣ አይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ደስታ ሳይሆን ጎምዛዛ ነገር የቀመሰ ሰው መልክ አመጣ። አጎነበሰ። በሌለ ቁልፍ የሌለ ዳዶ አላላ። ግማሽ ዙር አዞረ። ከዛ "ሲጥጥ" አለ በአፉ፤ የበሩን ድምፅ፣ ቁርጥ የራሱን የግቢውን በር። ደንግጦ ዞረ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ፒንሳ አየው፣ ተወው፣ ጠመዘዘ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ በወዲያኛው በር ወረደ። እዛ በአንድ እግሩ ካልሲ፣ ዘይት የጠጣው አፈር ላይ ቆመ።



"ዳዶዋን ሳጠብቅ ዘንጓን አልያዝኩም" አለ ላጲሶ። ይቅርታ ሊል ነበር የተነሣው፤ ከአፉ የወጣው ይሄ ነው።

ጋሽ ኃይለኪሮስ መነፅራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "አንተ?" አሉ። "ፒንሳ ሳትይዝ?"

ካሊድ ግን የፒንሳው ነገር አይደለም ያስገረመው። ረጋ ብሎ፣ "ላጲ፣ እኔን? ከማንም ጋር ብትቀና፣ ያቺ ሴትዮ ገዳይ ያለችው እኔን ነው" አለ። ላጲሶ አጎንብሶ ጫማውን አደረገ። ሸራው ከኔ ነው አለ፣ ሥራውም።

ጋሽ ኃይለኪሮስ ለአዶኒያስ በአገጫቸው ሳጥኑን አሳይተው ፍታው አሉት። ላጲሶን ደግሞ ሸራው እንዲቀየር ካምቢዮውን ብቻህን ታወርዳለህ፣ ብቻህን ትሰቅላለህ፣ ከዛ በኋላ ስላንተ አስባለሁ አሉት። በዛ ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ ብቻውን የሰቀለ ሰው የለም። ላጲሶ በክሪክ ደግፎ፣ በጉልበቱ ደግፎ፣ በግንባሩ ሳይቀር ደግፎ ሰቀለው። ማንም አላገዘውም። አብዲሳ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ጎማ ሲፈታ ዋለ፤ አንዴ ቀና ብሎ አየው፣ መልሶ ጎማውን ፈታ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አየር ማስወጣቱ ብቻ ቀረ። ያ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የአዶኒያስ የእጅ ፓምፕ ጠረጴዛው ላይ አለች፤ ላጲሶ ስጠኝ ከማለት አፉ ቢቆረጥ ይመርጣል። መኪናው ስር እንደተኛ "አብዲሳ" ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። የጎማ ብሎን ሲዞር ብቻ ተሰማ።

ከዛ መኪናው ትንሽ ዝቅ አለ። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ወጥቷል። ላጲሶ ልቡ ቀለለው፤ አብዲሳ መቼም አብዲሳ ነው አለ። ወዲያው ግን ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ዓይኑ ሥር፣ አንድ ጫማ ዱብ አለ። ነጭ ስኒከር። የግራ።

ላጲሶ ስኒከሩን አየው። ቁልፉን አንስቶ ሻንሲውን አንዴ ኳ አደረገ። ፔዳሉ ተረገጠ። ብሎኗን ከፈተ፣ አረፋ እየተንጫጫ ወጣ፣ ዘጋ። ኳ ኳ። ተለቀቀ። ማንም አላስተማረውም፤ ከመጣ ጀምሮ ሲያዳምጥ ነበር ማለት ነው። ኳ። ኳ ኳ። ኳ። ኳ ኳ። አረፋው አለቀ፣ ዘይቱ ንጹህ ሆኖ መጣ። ከዛ አዶኒያስ ዘንጓን አስተካከለ፤ በቆርቆሮው ወለል በኩል ዳዶዋ ስትጠብቅ ተሰማ፣ ፒንሳው ሲይዝም ተሰማ። ላጲሶ ሞክረው ሳይለው ፔዳሉ በቀስታ፣ በጫማ ሳይሆን በጣት፣ ጫን ተደረገ።

ላይ ያለው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ትንፋሽ የሌለው ፔዳል ሰው ያንቃል" አለ። በራሱ ድምፅ አይደለም። የሆሳዕናው ዜማ፣ ሊሰብክ የተነሣ ሰው ዝግታ፣ መጨረሻው ላይ በአፍንጫ የምትወጣዋ አጭር ትንፋሽ ሳትቀር። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ኃይለኪሮስ መነፅራቸው ወደቀ። ካሊድ ከንፈሩን ነክሶ ቆየ፣ ቆየ፣ አልቻለም። አብዲሳ ጎማውን ለቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ላጲሶ ዘይት ግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበ ከስር ሰማው። አንድ ቦታ ሳይስት አይቀርም ብሎ ጠበቀ፤ ድምፁን በልቡ መልሶ ሰማው፣ ከራሱ ድምፅ ጋር አስተያየው። አልሳተም። ከዛ እጁን የታችኛው ፓምፕ ላይ አሳርፎ፣ ፔዳሉ የት ላይ እንደሚነቃ ለካው። እሱም አልሳተም። ደረቱ ውስጥ ያቺ የሚያውቃት የቅናት ትኩሳት ተነሣች፤ ከትናንቱ ብትብስ እንጂ አታንስም።

"ላጲ፣ እንዴት ነው?" አለ አብዲሳ ከውጪ። ከጠዋት ጀምሮ ያናገረው ያኔ ነው።

ላጲሶ ቁልፉን ጨበጠ።

"ልክ ነው" አለ፤ ሻንሲውንም ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ።